ቤቱ የኛ፣ በሩ የሰው

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ ጠየቀኝ። አሁን አዲስ አበባ ሶፍትዌር ይሠራል። ደመወዙ የኔን ስንት እጥፍ እንደሆነ ነግሮኝ ነበር፣ እግዜር ይጨምርለት ብዬ ረሳሁት። የኮምፒውተር ላቡን ዞር ዞር ብሎ አየ። ከመስኮቱ ሥር ክዳኗ የተከፈተ፣ ፋኗ የምትጮህ አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር አለች። ላይዋ ላይ በእጄ ጽፌ በፕላስተር የለጠፍኩት ወረቀት አለ፦ "ሰርቨር ነው። ማጥፋት ክልክል ነው!"

ሳቀ። "ኧረ ቲቸር፣ ክላውድ እያለ ይቺን ምን ያደርጉላታል?" አለኝ።

"ተወኝ ባክህ" ብዬ ማኪያቶ ጋበዝኩትና ተለያየን። ማታ ግን ጥያቄው አላስተኛኝም። ልጁ የጠየቀው የዋዛ ጥያቄ አይደለም፣ እኔም መልስ አጥቼ አይደለም፣ መልሱ በአንድ ማኪያቶ ስለማያልቅ ነው። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። ረዥም ነው። "ቲቸር ሲያወራ ደወል አይሰማም" ትሉኝ እንደነበር አውቃለሁ። ደወሉ አሁን በእጃችሁ ነው፣ የሰለቸው ወደ ታች ይሂድ።

በ2002 ዓ.ም. የዲፕሎማ ተማሪ ነበርኩ። ዕድሜዬ ሃያ። ያን ጊዜ "ኦፔራ" ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው ኖኪያ ስልክ ላይ ያለችውን ቀይ ክብ ነው፣ ኦፔራ ሚኒን። ገጹን መጀመሪያ በራሷ ሰርቨር ላይ ጨምቃ፣ አሳንሳ ስለምትልክልን ካርድ ትቆጥብልን ነበር። ኩባንያው የኖርዌይ ነው። ለኮምፒውተር የሚሆን ትልቁን ብራውዘርም ይሠራ ነበር፣ እሱን ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ በጁን 2009 "ኦፔራ ዩናይት" የሚባል ነገር አስተዋወቀ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ኦፔራ 10.10 ሲወጣ አብሮ ተለቀቀ። ሐሳቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ ብራውዘርህ ራሱ ሰርቨር ይሁን።

ለማታውቁት ላስረዳ፣ የምታውቁት ታገሱኝ። ብራውዘር ጠያቂ ነው። "ይህን ገጽ ስጠኝ፣ ያን ፎቶ አምጣ" ይላል። ሰርቨር ደግሞ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅና ለመጣው ሁሉ የሚሰጥ ነው። አንዱ ገዢ፣ ሌላው ባለ ሱቅ እንደማለት ነው። ዕድሜ ልካችንን ኢንተርኔት ላይ ገዢዎች ነን። ባለ ሱቅ መሆን የፈለገ ኪራይ ከፍሎ፣ ወይም ሙያ ተምሮ፣ ወይም "በነጻ እናስቀምጥልሃለን" የሚል ትልቅ ኩባንያ ቤት ገብቶ ነው። ዩናይት ያለው "ሱቁ እዚያው የተቀመጥክበት ወንበር ላይ ነው" ነው። ፎልደር ትመርጣለህ፣ አንድ ነገር ትጫናለህ፣ ያ ፎልደር ለዓለም ይታያል። ዌብ ሰርቨር ነበረው፣ ፋይል ማጋሪያ ነበረው፣ የፎቶ አልበም፣ ሙዚቃ ማጫወቻ፣ ላውንጅ የሚባል የወሬ ክፍል ነበረው። ደስ የምትለኝ ግን "ፍሪጅ" የምትባለው ነበረች። የፈረንጅ ፍሪጅ በር ላይ ወረቀት እንደሚለጠፈው፣ ሰው መጥቶ ማስታወሻ ለጥፎልህ ይሄዳል።

እኔና የዶርም ጓደኛዬ በደቂቃ የምንከፍልበት ኢንተርኔት ካፌ ገብተን ይህን ብራውዘር አወረድን። ባለቤቱ ያውቀን ስለነበር "እስኪወርድ ውጡና ሻይ ጠጡ፣ አልቆጥርባችሁም" አለን። ተመልሰን ጫንነው። በኖትፓድ አንድ ገጽ ጻፍኩ፣ ስሜን በትልቁ፣ ከሥሩ "እንኳን ደህና መጣችሁ"። በቃ፣ ሌላ የለውም። ጓደኛዬ ጥግ ላይ ያለው ኮምፒውተር ሄደና አድራሻውን ጻፈ። ቆየ... ቆየ... መጣ! ስሜ እዚያ ማዶ ስክሪን ላይ ወጣ። ጓደኛዬ "ኧረ ወጣ!" ብሎ ሲጮህ ካፌው በሙሉ ዞረ። ያን ቀን የተሰማኝን አሁን ድረስ አስታውሳለሁ። ኮሌጅ ውስጥ ስለ ሰርቨር አንድ ሴሚስተር በቃል ተምረናል፣ ለፈተና አጥንተናል፣ በዓይናችን ግን አላየንም ነበር። ሰርቨር ማለት ለኔ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ያለ፣ መብራቱ ብልጭ ብልጭ የሚል የፈረንጅ ቁም ሳጥን ነበር። ለካስ እኔም መሆን እችላለሁ።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ባለቤቱ "ልዘጋ ነው" ብሎ ኮምፒውተሮቹን አጠፋ። ገጼም አብሮ ጠፋ።

እዚህ ላይ ወደ ወረቀቷ ልመለስ። "ማጥፋት ክልክል ነው" የምትለዋን እኔ አልፈጠርኳትም። ቲም በርነርስ-ሊ እ.ኤ.አ በ1990 ሰርን በሚባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ ዌብን ሲሠራ፣ የዓለም የመጀመሪያው ዌብ ሰርቨር እሱ ጠረጴዛ ላይ የነበረ አንድ ነክስት የሚባል ኮምፒውተር ነው። ሰው እንዳያጠፋበት ላዩ ላይ በቀይ ቀለም ጽፎ ለጠፈበት፤ ይህ ማሽን ሰርቨር ነውና አታጥፉት የሚል። የመጀመሪያውንም ብራውዘር የጻፈው በዚያው ዓይነት ኮምፒውተር ላይ ነው። ልብ በሉ፣ ያ የመጀመሪያው ብራውዘር ማንበቢያ ብቻ አልነበረም፣ መጻፊያም ነበር። ገጽ ከፍተህ እዚያው ታርመዋለህ፣ አዲስ ትጨምራለህ። ዌብ ሲወለድ አንባቢና ጸሐፊ፣ ገዢና ባለ ሱቅ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። እኛ ያገኘነው ከተለያዩ በኋላ ነው። ስለዚህ ኦፔራ ዩናይት እብድ ሐሳብ አልነበረም፣ ወደ ተወለደበት መመለስ ነበር።

ታዲያ ለምን ሞተ? እኔ የማምነውን ልንገራችሁ። የሞተው በአድራሻው ነው።

የዩናይት አድራሻ እንዲህ ነበር የሚሠራው፦ መጀመሪያ የኮምፒውተርህ ስም፣ ቀጥሎ አንተ የመረጥከው የተጠቃሚ ስም፣ መጨረሻ ላይ የኦፔራ ዩናይት ስም። በኛ አገር አጠራር ልጁ ኮምፒውተርህ፣ አባቱ አንተ፣ አያቱ ኦፔራ። ፎልደሩ ያንተ ነው፣ መብራቱን የምትከፍለው አንተ ነህ፣ ገጹን የጻፍከው አንተ ነህ፣ የቤተሰቡ ስም ግን የኖርዌዩ ኩባንያ ነው። ኩባንያው ነገ "በቃኝ" ቢል ሰው አንተን የሚያገኝበት መንገድ የለም።

ይህን ያደረጉት ተንኮለኛ ሆነው አይደለም። ቸግሯቸው ነው። ችግሩ ዛሬም ድረስ የኛ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የድሮው የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ነው፣ ለዓለም ሕዝብ አይበቃም። ስለዚህ አንዱን ቁጥር ብዙ ሰው ይጋራዋል። የካፌው ኮምፒውተሮች በሙሉ በአንድ ቁጥር ነው የሚወጡት፣ በሞባይል ዳታ ከሆነ ደግሞ አንዱን ቁጥር እጅግ ብዙ ሰው ሊጋራው ይችላል። ኮንዶሚኒየም አስቡ። አንድ በር፣ አንድ ዘበኛ፣ ብዙ ቤት። ከውስጥ ወጥታችሁ ዳቦ ገዝታችሁ ብትመለሱ ዘበኛው ሲወጡ አይቷችኋልና ያስገባችኋል። ሳይጠራ የመጣ እንግዳ ግን በሩ ላይ ቆሞ "እገሌን ፈልጌ ነበር" ቢል ዘበኛው ብሎክ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር ይጠይቀዋል። አያውቅም። "ሂድ ወዲያ!" ይባላል። ኮምፒውተራችንም እንዲሁ ነው፣ ወጥቶ መጠየቅ ይችላል፣ መጥቶ የሚጠይቀው ግን በር ላይ ይመለሳል።

ኦፔራ ይህን ያለፈው ብልሃት ተጠቅሞ ነው። ያንተ ብራውዘር ቀድሞ ወጥቶ ከኦፔራ ሰርቨር ጋር መስመር ይዘረጋና መስመሩን አይዘጋም። እንግዳ ሲመጣ የሚመጣው ኦፔራ ዘንድ ነው፣ እነሱ በተዘረጋው መስመር ወዳንተ ያሻግሩታል። ብልህ ነው! ግን ውጤቱን አስቡት። ያን ቀን ካፌ ውስጥ ከኔ ወንበር እስከ ጓደኛዬ ወንበር ያለው ርቀት ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው። "እንኳን ደህና መጣችሁ" የምትለዋ ቃል ግን ባሕር ተሻግራ ኦፔራ ሰርቨር ደርሳ ነው የተመለሰችው። "ቆየ... ቆየ..." ያልኳችሁ ለዚህ ነው። በወቅቱ አልገባኝም ነበር፣ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ራሴ ሳስተምረው ነው። (መምህር የሚማረው ሲያስተምር ነው፣ ይቺን ሚስጥር ለሱፐርቫይዘር እንዳትነግሩብኝ።)

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ኦፔራ 12 እ.ኤ.አ በ2012 ሲወጣ ዩናይት ለአዲስ ተጠቃሚ ተዘግቶ ነው የመጣው። በ2013 ኩባንያው የብራውዘሩን ሞተር ቀይሮ ኦፔራ 15ን ሲያወጣ ዩናይት ጭራሽ የለም። በዚያው በ2012፣ በኦክቶበር፣ ፌስቡክ አንድ ቢሊዮን ተጠቃሚ ሞላሁ አለ። ሰው ምርጫውን አድርጓል ማለት ነው። ቤቱን ራሱ ከሚጠብቅ የሚጠብቅለት ሰው ቤት መግባት መርጧል። እኔም መርጫለሁ፣ ይህን የምጽፈው የት ሆኜ ነው?

እኔ ግን ያቺን የካፌ ቀን አልረሳኋትም። አስተማሪ ሆኜ ይህ ላብ ሲሰጠኝ ኮምፒውተር ነበር፣ ኬብል ነበር፣ ስዊች ነበር፣ ኢንተርኔት ግን አልነበረም። በ2009 ዓ.ም. ክሮም ብራውዘር ውስጥ የሚጫን "ዌብ ሰርቨር ፎር ክሮም" የሚባል አፕ አገኘሁ። ፎልደር ምረጥ ይላል፣ መረጥክ፣ አበቃ። ከ8887 ጋር የተጻፈ አንድ አድራሻ ይሰጥሃል። አድራሻውን ሰሌዳ ላይ በቾክ እጽፋለሁ፣ ተማሪዎቹ ከየወንበራቸው ይከፍታሉ። ማንም ባሕር አይሻገርም። ኖቱ፣ መልመጃው፣ ቪዲዮው፣ የትምህርት ቤቱ ፎቶ ሁሉ ከአስተማሪው ጠረጴዛ በኬብል ይደርሳቸዋል። ለምን በብራውዘር ሆነ ትሉ ይሆናል። ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው፣ 15ቱ ስም በመጥራትና ኮምፒውተር በማስነሳት ያልቃል። ሁሉም ልጅ የሚያውቀው አንድ ፕሮግራም ቢኖር ብራውዘር ነው። በሚያውቁት ነገር ውስጥ የማያውቁትን ማሳየት ይሻላል።

በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ ኢንተርኔት በሚጠፋባቸው ቀናት እንኳ እኛ ላብ ውስጥ "ኢንተርኔት" ነበር። ተማሪዎቹ ጎረቤት ትምህርት ቤት ላሉት ሲጎርሩ ሰምቻለሁ።

ጥፋቴንም ልናገር እንጂ፣ ጀብዱ ብቻ ማውራት ነውር ነው። አንድ ቀን ተቻኩዬ "የ10ኛ ክፍል" የሚለውን ፎልደር በመምረጥ ፈንታ ከሱ በላይ ያለውን መረጥኩ። ከሱ በላይ ያለው የኔ ጠቅላላ ፎልደር ነው። የሚድ ፈተናው ነበረበት። ከነመልሱ። ላቡ እንደዚያ ቀን ጸጥ ብሎ አያውቅም። "ምን አገኛችሁ፣ እንዲህ የሚያነባችሁ?" ብዬ ስዞር አንዷ ልጅ፣ ታማኝ ልጅ ናት፣ "ቲቸር፣ መልሱ ቢ ነው የሚለው እውነት ነው?" አለችኝ። ሌሊቱን ሁለተኛ ፈተና ሳወጣ አደርኩ። ስለዚህ በር መክፈት አደጋ አለው የሚለኝን ሰው አልከራከረውም፣ ከፍሎ የተማረ ነኝ።

ያ አፕም ቢሆን አልቆየም። ጎግል ገና እ.ኤ.አ በ2016 "የክሮም አፕ" የሚባሉትን ከዊንዶውስ፣ ከማክና ከሊኑክስ ላይ ደረጃ በደረጃ እንደሚያስቀር አስታውቆ ነበር፣ እኔ ዜናው የደረሰኝ አንድ ቀን አልከፍት ሲለኝ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ብራውዘሬ ውስጥ የነበረ ሱቅ ተዘጋ።

ያን ጊዜ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ሰነፍኩ። አንድ ትልቅ ማህበራዊ ሚዲያ ላይ ፔጅ ነበረኝ፣ (ስሙን አልጠቅስም፣ ዛሬ ክስ አላማረኝም) ሁሉንም ነገር እዚያ ብቻ መጫን ጀመርኩ። ኖት፣ ፎቶ፣ የምረቃ፣ የሳይንስ አውደ ርዕይ፣ ሁሉንም። ስልክ ላይ የነበረውን "ተጭኗል" ብዬ አጠፋሁ፣ ሜሞሪ ስለሚሞላ። የላቡ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክም ተቃጠለ፣ ግድ አልሰጠኝም፣ ፔጁ አለ ብዬ። በ2016 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ስነሳ ፔጁ የለም። ከሌላ አገር ሰው ሊገባበት ሞክሮ ነበር መሰለኝ፣ ተቆለፈ። መታወቂያ ላክ አሉኝ፣ ላክሁ። ማሽን መለሰልኝ። እንደገና ላክሁ። ያው ማሽን ያንኑ መለሰልኝ። የምሄድበት ቢሮ፣ የማናግረው ሰው፣ የምለምነው ጸሐፊ የለም። በዚህ አገር ስንት ቢሮ ደጅ ጠንቻለሁ፣ ደጅ የሌለው ቢሮ ግን ያኔ ነው ያየሁት።

ኖቱ ይቅር፣ እንደገና ይጻፋል። ባለፈው ዓመት ግን አንዲት እናት ትምህርት ቤት መጡ። ልጃቸው ተማሪዬ ነበረች። በ2011 የሳይንስ አውደ ርዕይ ላይ በባልዲና በትንሽ ባትሪ የውኃ ጋን ሲሞላ የሚጮህ ነገር ሠርታ አንደኛ የወጣችው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ እያለች ታማ አረፈች፣ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፣ ስሟን ቤተሰቧ ስላልፈቀደልኝ አልጽፍም። እናቷ ቢሮው በር ላይ ቆመው፣ ቁጭ ይበሉ ብላቸው እምቢ ብለው፣ "መምህር፣ ያን ጊዜ ሽልማቱን ስትቀበል ፎቶ አንስተዋት ነበር አሉኝ። ለሙት ዓመቷ ላሳትማት ፈልጌ ነው" አሉኝ።

አንስቻታለሁ። ሦስት ፎቶ። አንዱ ላይ ባልዲውን ይዛ ትስቃለች። የት እንዳለ አውቃለሁ፣ ፔጁ ላይ ነው። አሁንም አንድ ቦታ፣ አንድ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ ያ ፎቶ ይኖር ይሆናል። ለእናቷ ግን "ክላውድ ላይ ነው" ብዬ ምን ልበላቸው? "ፈልጌ አመጣለሁ" አልኳቸው።

የድሮ ተማሪዎቼን በስልክ አንድ በአንድ አስቸገርኩ። በአራተኛው ቀን አንዱ፣ አሁን ባጃጅ የሚነዳ፣ ያኔ ከላብ ውስጥ ሰርቨር ላይ ያገኘውን ሁሉ በፍላሽ መገልበጥ የሚወድ ልጅ ነበር፤ "ሌባ" እያልኩ እቆጣው ነበር። ያ ሌባ ፍላሹን ይዞ መጣ። ከሦስቱ አንዱ ተገኘ። ባልዲውን ይዛ የምትስቅበት አይደለም፣ ሌላው ነው፣ ዓይኗን ጨፍና የምታጨበጭብበት። እናቷ አሳተሙት።

አሁን ለዚያ አዲስ አበባ ላለው ልጅ መልሴ ይኸው። ክላውድ ይጥፋ አላልኩም። ክላውድ ጥሩ ነው፤ መብራት ቢጠፋ አይጠፋም፣ ሌባ መስኮት ሰብሮ አይወስደውም፣ የኔ ኮምፒውተር ደግሞ ሁለቱም ደርሶባታል። ያልኩት ብቸኛ ቤት አይሁን ነው። አንድ ነገር አንድ ቦታ ብቻ ካለ፣ ያ ቦታ ደግሞ የሰው ከሆነ፣ ያንተ አይደለም፣ እስኪጠሩህ ድረስ የተቀመጥክበት ወንበር ነው።

ሁለተኛ፣ ይሄ የሚያናድደኝ ነገር ነው። ዛሬ ብራውዘር ከ2009ኙ ብራውዘር ጋር ሲተያይ ግዙፍ ነው። ወርድፕረስን የሚያህል ነገር ከነ ፒኤችፒው እዚያው ብራውዘር ትር ውስጥ ያለ ምንም ሰርቨር ማስኬድ ይቻላል፣ ፕሌይግራውንድ ይሉታል፣ ለተማሪዎቼ አሳይቻቸዋለሁ። ማለት ብራውዘሩ ውስጥ ሙሉ ሱቅ አለ፣ ዕቃው በመደርደሪያው ሞልቷል። ግን በር የለውም! የምታየው አንተ ብቻ ነህ፣ አጠገብህ ያለው ልጅ ሊያየው አይችልም። ተራ ዌብ ገጽ እንግዳ ቁጭ ብሎ እንዲጠብቅ አይፈቀድለትም። ዌብ አርቲሲ የሚባል መንገድ አለ፣ ሁለት ብራውዘሮች ቀጥታ ይነጋገራሉ፣ የቪዲዮ ጥሪ የምታደርጉት በሱ ነው። እሱም ቢሆን መጀመሪያ ሁለቱን የሚያስተዋውቅ ሦስተኛ ሰርቨር ይፈልጋል። እንደ ሽማግሌ በሉት፣ ያለ ሽማግሌ ጋብቻ የለም።

ምክንያቱ ይገባኛል። ማንኛውም ድረ ገጽ ኮምፒውተርህ ላይ ሳታውቅ በር መክፈት ቢችል አለቀልን። የፈተናዬን ታሪክ አትርሱ። ግን "አደገኛ ነው" ተብሎ ጭራሽ መከልከልና "ተጠንቅቀህ ክፈት" ብሎ ቁልፉን መስጠት ይለያያሉ። ካሜራና ማይክ አደገኛ አይደሉም እንዴ? "ይፈቀድ?" ብሎ ይጠይቃል፣ ትፈቅዳለህ። ለአንድ ፎልደር፣ ለአንድ ክፍል፣ ለአንድ ሰዓት "ለዚህ ላብ ብቻ ይከፈት?" ብሎ መጠየቅ የሚያቅተው ቴክኖሎጂ አይደለም። ፍላጎት ነው የጠፋው ባይ ነኝ። ብራውዘር የሚሠሩት አብዛኞቹ የቤት አከራዮችም ናቸው። ተከራይ የራሱን ቤት እንዲሠራ የሚያስተምር አከራይ አላየሁም። ይሄ የኔ ግምት ነው፣ የተሻለ የሚያውቅ ይሞግተኝ።

እስከዚያው ድረስ አሮጌዋ ኮምፒውተር ታገለግላለች። በፓይተን አንድ መስመር ትእዛዝ ፎልደሩን ትከፍታለች፣ ተማሪዎቹ በብራውዘር ያያሉ። ዘንድሮ አዲስ ያደረግኩት ነገር ቢኖር እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ገጽ ጽፎ ከራሱ ወንበር ለጓደኞቹ እንዲከፍት ማድረግ ነው፤ ስልክ ያለው ደግሞ ተርመክስ ጭኖ ከስልኩ። መጀመሪያ ቀን የሆነው ከካፌው ጋር አንድ ነው። አንዱ ልጅ ስሙን በትልቁ ጽፎ ከፈተ፣ ከኋላ ያለችው "ኧረ ወጣ!" ብላ ጮኸች። ዳይሬክተሩ ምን ተፈጠረ ብሎ መጣ። እኔ በዲፕሎማዬ ላብ ውስጥ ብቻዬን ስፍጨረጨር "ዲግሪህን ብትቀጥል ይሻልሃል" የሚሉኝ ሰዎች አሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ እቀጥላለሁ። ያን ጩኸት ግን የትኛው ኮርስ ላይ እንደሚሰጥ አላውቅም።

ሃርድ ዲስኳ ሁለት ሆኗል፣ አንዱ ላብ፣ አንዱ እኔ ቤት። ሐሙስ ሐሙስ ከስምንት ሰዓት በኋላ ላቡ ክፍት ነው፣ ተመርቃችሁ የሄዳችሁም የክፍላችሁን ፎቶና ኖት መገልበጥ ትችላላችሁ፣ "ሌባ" አልላችሁም። የ2011 የሳይንስ አውደ ርዕይ ፎቶ በአሮጌ ፍላሽ ወይም በአሮጌ ስልክ ሜሞሪ ያለው ካለ ግን እባካችሁ ፈልጉልኝ። ባልዲ ይዛ የምትስቅበትን። በኢንቦክስ አትላኩት፣ ጥራቱን ይቀንሰዋል። ፍላሹን ይዛችሁ ኑ።